ሲድ ቺፕን ማዘዝ፦ በኮሞዶር 64 ከመጀመሪያው ኖታ እስከ ትዝታ ቅኝት

በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 እስከ ዛሬ ድረስ በሙዚቀኞች ዘንድ የሚፈለገው ሲድ በተባለው የድምፅ ቺፑ ምክንያት ነው። ቺፑን በ1981 በኤምኦኤስ ቴክኖሎጂ ኩባንያ የነደፈው ሮበርት ያንስ ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፍቅር የነበረው መሐንዲስ ሲሆን፣ የፈለገውም የሲንተሳይዘርን ዋና ዋና ክፍሎች በአንድ ቺፕ ውስጥ ማስገባት ነበር። በኋላም ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

የሲድን ልዩነት ለመረዳት የዘመኑን ሌሎች ቺፖች ማየት ይበቃል። በቢቢሲ ማይክሮ እና በሴጋ ማስተር ሲስተም ውስጥ የነበረው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤስኤን76489 ሦስት የካሬ ሞገድ ድምፆችና አንድ የኖይዝ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ኖታው ቀስ እያለ እንዲከስም ከተፈለገም ፕሮሰሰሩ መጠኑን ደረጃ በደረጃ መቀነስ አለበት። የጄኔራል ኢንስትሩመንት ኤዋይ-3-8910 ሦስት የካሬ ሞገድ ድምፆች ሲኖሩት፣ የድምፁን መነሣትና መክሰም የሚመራው ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ ሦስቱም ይጋሩታል። በሲድ ውስጥ ግን ከሦስቱ ቻናሎች እያንዳንዱ የራሱ የሞገድ ቅርጽ ምርጫና የራሱ ኤንቨሎፕ፣ ማለትም መነሣትና መክሰሙን የሚመራ ክፍል፣ አለው፤ ከዚያም በላይ ሦስቱ የሚያልፉበት፣ ከድምፁ የተወሰነውን ክፍል የሚቆርጥ እውነተኛ የአናሎግ ፊልተር ተጨምሮበታል።

ይህ መመሪያ ቺፑን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚመጣው ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዴት በቀጥታ ማዘዝ እንደሚቻል ያሳያል። ዝግጁ የሙዚቃ ፕሮግራም ከፍቶ ኖታ መደርደር ቀላል ቢሆንም፣ እኔ የምመክረው በእጅ ከመጻፍ መጀመርን ነው፤ ምክንያቱም የሲድ ውበት ያለው ኖታው ከተነሣበት ቅጽበት እስከሚከስምበት ድረስ በሚደረግበት ለውጥ ውስጥ ነው፣ ይህን ለውጥ ደግሞ በገዛ ጆሮው እየሰማ ቁጥር የቀየረ ሰው በሚገባ ይረዳዋል።

ከመጀመርዎ በፊት

እውነተኛውን ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ቫይስ የተባለው ነጻ ኢሙሌተር፣ ማለትም ኮሞዶር 64ን በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም፣ በቂ ነው። በቅንብሩ ውስጥ የሲድን ሞዴል፣ ማለትም 6581 ወይም 8580፣ መምረጥ ይቻላል፤ ሪሲድ የተባለውን የድምፅ ሞተር ይምረጡ፣ የፊልተሩን ጠባይ በጥንቃቄ የሚመስለው እሱ ነውና።

እውነተኛ ማሽን ያለው ሰው ግን ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት አንድ ነገር የግድ ማድረግ ይኖርበታል፤ ይኸውም ፓወር ሰፕላዩን መለካት ነው። የኮሞዶር 64 ፓወር ሰፕላይ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንዱ 5 ቮልት ዲሲ፣ ሌላው 9 ቮልት ኤሲ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጡት አሮጌዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ሲያረጁ በውስጣቸው ያለው ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ይበላሽና የ5 ቮልቱ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህ ሲሆን የማሽኑ ቺፖች ይቃጠላሉ። ብዙዎቹ በጠጣር ሙጫ ስለ ተሞሉ ከፍቶ መጠገንም አይቻልም። ስለዚህ በቴስተር ለክተው ንባቡ ከ5.25 ቮልት በላይ ከሆነ ያንን ፓወር ሰፕላይ ዳግመኛ አይጠቀሙበት፤ ትክክለኛ ንባብ ቢሰጥም እንኳ በአዲስ ሥሪት መተካቱ የተሻለ ነው። ከአሜሪካ ማሽን ያስመጣ ሰው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ለ120 ቮልት የተሠራ መሆኑን ልብ ይበል፤ በአዲስ አበባ የ220 ቮልት ሶኬት ላይ በቀጥታ ሊሰካ አይገባም።

ቺፑን ራሱን አውጥቶ የሚለውጥ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሲድ 6581 የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ በኋለኞቹ ማሽኖች ውስጥ የገባው 8580 ግን በ9 ቮልት ይሠራል። የእግሮቻቸው አቀማመጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ በትክክል ይገባል፤ ነገር ግን 8580ን በ12 ቮልት ቦርድ ላይ ማስገባት ቺፑን መግደል ነው። በባዶው ሶኬት ላይ በ14ኛውና በ28ኛው እግር መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለክቶ ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሁለቱ ሞዴሎች የፊልተር ካፓሲተሮች መጠንም ስለሚለያይ ቮልቴጁን አስተካክሎ ካፓሲተሩን መርሳት ፊልተሩን ያበላሻል። ሲድ አሁን የሚመረት ቺፕ አይደለም፤ አንድ ሲቃጠል በዓለም ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ይቀንሳል። በደረቅ አየር በሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ብቻውን ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ከመሬት መስመር ጋር የተገናኘ ብረት ያስነኩ።

አድራሻዎቹ

ሲድ 29 ሬጅስተሮች፣ ማለትም በአድራሻቸው የሚጠሩ የቁጥር ማስቀመጫ ቦታዎች፣ አሉት። የመጀመሪያዎቹ 25 የሚጻፍባቸው ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቹ 4 ደግሞ የሚነበቡ ብቻ ናቸው። የሚጻፍበትን ሬጅስተር መልሶ ማንበብ እንደማይቻል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ቺፑን «አሁን ምን ላይ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል፣ የጻፉትን ቁጥር ራስዎ በወረቀት ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ መያዝ አለብዎት።

ሬጅስተሮቹ ከአድራሻ 54272 ይጀምራሉ። ለመጀመሪያው ቻናል፣ 54272 እና 54273 የድግግሞሹን ዝቅተኛና ከፍተኛ ባይት፣ 54274 እና 54275 የፐልስ ሞገዱን ስፋት፣ 54276 የሞገዱን ቅርጽና መነሻውን፣ 54277 እና 54278 ኤንቨሎፑን ይይዛሉ። ሁለተኛው ቻናል በዚያው ቅደም ተከተል ከ54279፣ ሦስተኛው ከ54286 ይጀምራል፤ ስለዚህ የአንዱን ቻናል ትእዛዝ ለሌላው ለማዋል 7 ወይም 14 መደመር ይበቃል። ከ54293 እስከ 54295 ያሉት የፊልተሩ ናቸው። 54296 የጠቅላላው ድምፅ መጠን ሲሆን፣ የፊልተሩም ዓይነት የሚመረጠው በዚሁ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ትእዛዞች በአነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ በማሽኑ ላይ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ይሁን። ፖክ ማለት «በዚህ አድራሻ ላይ ይህን ቁጥር ጻፍ» ማለት ነው። እያንዳንዱን መስመር ጽፈው ሲጨርሱ ሪተርን ይጫኑ።

የመጀመሪያው ኖታ

በመጀመሪያ ከቀድሞ ሥራ የቀረ ነገር እንዳይኖር ሁሉንም ሬጅስተር ዜሮ ያድርጉ፦

ፎር አይ=54272 ቱ 54296 : ፖክ አይ,0 : ኔክስት

ከዚያ የጠቅላላውን ድምፅ መጠን ወደ ላይኛው ጫፍ ይውሰዱ፤ ድምፅ የለም ብሎ የሚጨነቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የረሳው ይህችን መስመር ነው፦

ፖክ 54296,15

ቀጥሎ ኤንቨሎፑንና ድግግሞሹን ይስጡ፣ በመጨረሻም ኖታውን ያስነሡ፦

ፖክ 54277,9 : ፖክ 54278,0
ፖክ 54272,69 : ፖክ 54273,29
ፖክ 54276,33

የመጨረሻውን መስመር ሪተርን ሲሉ 440 ኸርዝ የሆነው ኖታ እንደ ተመታ ጅማት በድንገት ተነሥቶ ይከስማል። ለ54276 የተሰጠው 33 የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ 32 የመጋዝ ጥርስ ሞገድን ይመርጣል፣ 1 ደግሞ «ጌት» ተብላ የምትጠራውን ቢት ይከፍታል። ጌት ስትከፈት ኤንቨሎፑ ይነሣል፣ ስትዘጋ መክሰም ይጀምራል። መስመሩን ደግመው ቢጽፉት ምንም አይሰማም፤ ጌት አስቀድሞ ክፍት ናትና። መጀመሪያ 32 ጽፈው ይዝጉት፣ ከዚያ 33 ጽፈው ይክፈቱት። ይህ መዝጋትና መክፈት በሲድ ላይ የሚሠራ ሙዚቃ ሁሉ የሚቆምበት ነው።

አሁን በ33 ፈንታ 17 ቢጽፉ የሦስት ማዕዘን ሞገድ ይሰማሉ፤ ለስላሳ፣ ወደ ዋሽንት የሚጠጋ ድምፅ ነው። 129 የኖይዝ ሞገድ ነው፤ ከበሮ፣ ፍንዳታና ነፋስ የሚወጡት ከእሱ ነው። 65 የፐልስ ሞገድ ሲሆን፣ እሱን ሲመርጡ ስፋቱንም መስጠት የግድ ነው፤ ስፋቱ ዜሮ ከሆነ ዝም ይላል። እኩል የሆነው የካሬ ሞገድ የሚገኘው እንዲህ ነው፦

ፖክ 54274,0 : ፖክ 54275,8 : ፖክ 54276,65

በ54275 ላይ ያለውን 8 ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 1 ዝቅ ቢያደርጉት ድምፁ እየቀጠነ፣ በአፍንጫ እንደሚወጣ ዓይነት እየሆነ ይሄዳል። ስፋቱ ኖታው እየተሰማ ሳለ ሲለዋወጥ አንዲት ቻናል ብቻዋን ሁለት ሦስት መሣሪያ የምትመስልበት ሙላት ይፈጠራል፤ ኮሞዶር 64 የሚታወቅበት የተንቀሳቃሽ ባስ ድምፅ የተገኘው ከዚህ ነው።

ኤንቨሎፑ፣ ክራርና ማሲንቆ

ኤንቨሎፑ አራት ክፍል አለው። አታክ ድምፁ ከዜሮ ወደ ጫፉ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ ዲኬይ ከጫፉ ወደ መቆያው የሚወርድበት ጊዜ ነው፤ ሰስቴይን ጌት ክፍት እስከሆነች ድረስ የሚቆይበት ከፍታ ነው፤ ሪሊዝ ጌት ከተዘጋች በኋላ የሚከስምበት ጊዜ ነው። ከአራቱ ሰስቴይን ብቻ የከፍታ መለኪያ መሆኑን፣ ሦስቱ የጊዜ መለኪያ መሆናቸውን ጀማሪዎች ይስቱታል።

እያንዳንዱ ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር ይወስዳል። በ54277 ላይ አታክን በ16 አባዝተው ዲኬይን ይደምሩበት፤ በ54278 ላይ ሰስቴይንን በ16 አባዝተው ሪሊዝን ይደምሩበት። የአታክ 0 ማለት 2 ሚሊሰከንድ፣ 8 ማለት 100 ሚሊሰከንድ፣ 12 ማለት 1 ሰከንድ፣ 15 ማለት 8 ሰከንድ ነው። ዲኬይና ሪሊዝ ለተመሳሳይ ቁጥር ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳሉ፤ 9 ለምሳሌ 750 ሚሊሰከንድ፣ 15 ደግሞ 24 ሰከንድ ነው።

ይህን በጆሮ ለመያዝ የምናውቃቸውን ሁለት መሣሪያዎች መነሻ ማድረግ እወዳለሁ። ክራር የሚመታ ጅማት ነው፤ ድምፁ በቅጽበት ይነሣል፣ ከዚያ ወዲያውኑ መክሰም ይጀምራል፣ የሚቆይበት ከፍታ የለውም። ስለዚህ አታክ 0፣ ዲኬይ 9፣ ሰስቴይን 0፣ ሪሊዝ 9 ይሆናል፤ ይኸውም ፖክ 54277,9 እና ፖክ 54278,9 ነው። ማሲንቆ ግን በደጋን የሚሳብ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይነሣል፣ ደጋኑ እስከተሳበ ድረስም ይቆያል። ለእሱ አታክ 6፣ ዲኬይ 4፣ ሰስቴይን 12፣ ሪሊዝ 6 ቢሰጡት፣ ፖክ 54277,100 እና ፖክ 54278,198 ይሆናል። ሞገዱ የመጋዝ ጥርስ ይሁን።

ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን ማሲንቆ አይመስልም፤ የሚጎድለው የጣት መንቀጥቀጥ ነው። ኖታውን በ33 አስነሥተው ድግግሞሹን ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ ያወዛውዙት፦

10 ፎር ኬ=29 ቱ 109 ስቴፕ 8 : ፖክ 54272,ኬ : ኔክስት
20 ፎር ኬ=109 ቱ 29 ስቴፕ -8 : ፖክ 54272,ኬ : ኔክስት
30 ጎቱ 10

ረን ሲሉት በአንድ ጊዜ ሕይወት ይዘራል። እዚህ የምንነካው ዝቅተኛውን ባይት ብቻ ስለሆነ ለውጡ የአንድ ሴሚቶን (በፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት) አሥረኛ ገደማ ነው፤ የስቴፑን ቁጥር ከፍ ሲያደርጉ መንቀጥቀጡ ይፈጥናል። ለማቆም ረን/ስቶፕን ይጫኑ። ፕሮግራሙ ቢቆምም ድምፁ ይቀጥላል፤ ቺፑ ከፕሮሰሰሩ ተለይቶ በራሱ ይሠራልና። ረን/ስቶፕን ይዘው ሪስቶርን ሲመቱ ጸጥ ይላል፣ ነገር ግን የድምፁ መጠን ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ቀጥሎ ለመሥራት 54296 ላይ 15 እንደገና መጻፍ አለብዎት።

ድግግሞሽና ትዝታ ቅኝት

የሚፈልጉትን ኖታ በኸርዝ ካወቁ ለሲድ የሚሰጡትን ቁጥር ማስላት ቀላል ነው፤ ኸርዙን በ16777216 አባዝተው ለቺፑ የሰዓት ፍጥነት ያካፍሉ። ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠሩት፣ ማለትም በአውሮፓ የተሸጡት ማሽኖች ሰዓት 985248 ኸርዝ ነው፤ በአሜሪካ የተሸጡት፣ ኤንቲኤስሲ በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠሩት ማሽኖች ግን 1022727 ኸርዝ ነው። በፓል 440 ኸርዝ 7493 ይሆናል። ይህን ለ256 ሲያካፍሉ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር 29 ለ54273፣ ቀሪው 69 ለ54272 ይሰጣል።

ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ተቀምጦ የአካባቢውን ማሽን የገዛ አንባቢ የፓልን ቁጥሮች እንዳለ ቢያስገባ ሁሉም ኖታ ከግማሽ ሴሚቶን በላይ ከፍ ብሎ ይሰማዋል፤ ዜማው አይፈርስም፣ ነገር ግን ከሌላ መሣሪያ ጋር አብሮ መጫወት አይችልም። ለእሱ እያንዳንዱን ቁጥር በ0.9633 ማባዛት መፍትሔ ነው፤ 440 ኸርዝ ያን ጊዜ 7218፣ ማለትም 28 እና 50 ይሆናል።

አሁን በፓል ቁጥሮች የትዝታ ሜጀርን ቅኝት በክራሩ ድምፅ እንሥራ። ከመካከለኛው ዶ ተነሥተን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ከዚያ የላይኛውን ዶ ወጥተን እንመለሳለን፦

10 ፎር አይ=54272 ቱ 54296 : ፖክ አይ,0 : ኔክስት
20 ፖክ 54296,15 : ፖክ 54277,9 : ፖክ 54278,9
30 ሪድ ኤች,ኤል : ኢፍ ኤች=0 ዜን ኤንድ
40 ፖክ 54272,ኤል : ፖክ 54273,ኤች
50 ፖክ 54276,33
60 ፎር ቲ=1 ቱ 300 : ኔክስት
70 ፖክ 54276,32 : ጎቱ 30
80 ዳታ 17,103,19,137,21,237,26,19,29,69,34,206
90 ዳታ 29,69,26,19,21,237,19,137,17,103,0,0

አዲስ ፕሮግራም ሲጽፉ የቀደመው እንዳይቀላቀል አስቀድመው ኒው ብለው ያጥፉት። ሚን ወደ 20,178፣ ላን ወደ 27,160 ቢቀይሩ ትዝታ ማይነር ይሆናል።

ሲድ በዚህ ነጥብ ላይ የሚያኮራ ነገር አለው። የድግግሞሽ ቁጥሩ 16 ቢት ስለሆነ በመካከለኛው ዶ አካባቢ ያለው አንድ እርምጃ ከሴሚቶን መቶኛ ያንሳል። ክራር የሚቃኝ ሰው ደግሞ የሚከተለው ጆሮውን ነው፣ ጆሮውም ሁልጊዜ ፒያኖ በሚያወጣው ነጥብ ላይ አያርፍም። ለምሳሌ ዶን በ5 አባዝተን ለ4 ስናካፍል የምትገኘው ንጹሕ ሚ 5569 ናት፣ ማለትም 21 እና 193፤ የፒያኖዋ ግን 5613 ናት። በመስመር 80 እና 90 ላይ 237ን በ193 ተክተው ያዳምጡ። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ሁለተኛውን ቻናል ከፍተው ዶን ከሥር ይዞ እንዲቆይ ሲያደርጉት የመጀመሪያዋ ሚ ስትንቀጠቀጥ፣ ሁለተኛዋ ግን ከዶው ጋር ተዋሕዳ ትሰማለች። የሚወዱትን የክራር ተጫዋች ቅጂ ከጎን ከፍተው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ እሱ ማስጠጋት፣ ለቺፑም ለቅኝቱም ጆሮ የሚከፍት ልምምድ ነው፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ ካለው ሁሉ ጊዜዎን እንዲሰጡት የምለምነው ለዚህ ነው።

ፊልተሩ

ፊልተሩን ለማብራት ሦስት ውሳኔ ያስፈልጋል፤ የትኛው ቻናል ይለፍበት፣ ምን ዓይነት ይሁን፣ የት ላይ ይቁረጥ። 54295 ላይ ሬዞናንሱን፣ ማለትም በመቁረጫው ነጥብ አካባቢ ያለው ድምፅ የሚጎላበትን መጠን፣ በ16 አባዝተው የቻናሉን ቁጥር ይደምራሉ፤ ለመጀመሪያው ቻናል 1፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 4 ነው። ዓይነቱ 54296 ላይ ከድምፁ መጠን ጋር ይደመራል፤ 16 ዝቅተኛውን ብቻ ያሳልፋል፣ 32 መካከለኛውን፣ 64 ከፍተኛውን። የመቁረጫው ነጥብ 54294 ላይ ነው፦

ፖክ 54276,32 : ፖክ 54277,0 : ፖክ 54278,240
ፖክ 54295,241 : ፖክ 54296,31 : ፖክ 54276,33
ፎር ኬ=0 ቱ 255 : ፖክ 54294,ኬ : ኔክስት

ድምፁ ከታፈነ ጉምጉምታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይከፈታል። ከዚህ በኋላ የድምፁን መጠን ብቻ ልቀይር ብለው 54296 ላይ 10 ቢጽፉ የፊልተሩ ዓይነት ስለሚሰረዝ በፊልተሩ የሚያልፈው ድምፅ ራሱ ይጠፋል፤ 26 መጻፍ ነበረብዎት። ሬጅስተሩ ስለማይነበብ የመጨረሻውን ቁጥር መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በ6581 ላይ የአንዱ ቺፕ ፊልተር ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። በአመራረት ልዩነት ምክንያት በአንዱ ማሽን ብሩህ የሆነው በሌላው ታፍኖ ይሰማል። 8580 በዚህ ረገድ እርስ በርሱ ይመሳሰላል፣ ድምፁም የጠራ ነው፤ ያም ሆኖ የ6581ን ሻካራነት የሚመርጡ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። 6581 ያለው ሌላ ባሕርይም አለ፦ የድምፁ መጠን ሲለወጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ያወጣል፤ ፕሮግራመሮች ይህን ጠቅታ በፍጥነት በመደጋገም የተቀዳ የሰው ድምፅና ከበሮ አጫውተውበታል። በ8580 ላይ ያው ሥራ እጅግ ዝቅ ብሎ ይሰማል።

ደወልና ኮርድ

ቻናሎቹ እርስ በርስ እንዲነካኩ ማድረግ ይቻላል። በ54276 ላይ 4ን ከሦስት ማዕዘን ሞገድ ጋር ሲደምሩ የመጀመሪያው ቻናል በሦስተኛው ድግግሞሽ ይባዛል፤ የሁለቱ ኖታዎች ድምርና ልዩነት ስለሚሰማ ውጤቱ የብረት ድምፅ ነው፦

ፖክ 54296,15 : ፖክ 54295,0
ፖክ 54276,16 : ፖክ 54277,11 : ፖክ 54278,0
ፖክ 54287,45 : ፖክ 54276,21

የሦስተኛው ቻናል ጌት መከፈት አያስፈልጋትም፤ የምንፈልገው ድግግሞሹን ብቻ ነው። 45ን እየለወጡ ሲሞክሩ ከትንሽ ቃጭል እስከ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚደርስ ድምፅ ያገኛሉ።

ሦስት ቻናል ብቻ ይዞ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን፣ መጫወት ሁሉንም ቻናል ይወስዳል፤ ለባሱና ለከበሮው ምንም አይተርፍም። የዘመኑ አቀናባሪዎች ያገኙት መውጫ የኮርዱን ኖታዎች በአንድ ቻናል ላይ እጅግ በፍጥነት ማፈራረቅ ነበር። በፓል ማሽን ማያ ገጹ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚታደስ በእያንዳንዱ እድሳት አንድ ኖታ ይለወጣል። በቤዚክም ቢሆን የሚቀራረብ ነገር ይገኛል፤ 54278ን ወደ 240 መልሰው፣ የፐልሱን ስፋት ለመስጠት 54275 ላይ 8 ጽፈው፣ ኖታውን በ65 አስነሥተው ይህን ይጻፉ፦

10 ፖክ 54272,103 : ፖክ 54273,17
20 ፖክ 54272,237 : ፖክ 54273,21
30 ፖክ 54272,19 : ፖክ 54273,26
40 ጎቱ 10

ከቤዚክ በኋላ

ፈጣን ዜማ መጻፍ ሲጀምሩ አንዳንድ ኖታ ዘግይቶ ሲነሣ ወይም ሲዋጥ ይሰማዎታል። ስሕተቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። የኤንቨሎፑን ጊዜ የሚቆጥረው የሲድ ቆጣሪ፣ ኤንቨሎፑ ሲለወጥ አዲሱን ገደብ አስቀድሞ አልፎ ከተገኘ፣ ዙሩን ጨርሶ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ይህም እስከ 33 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። የተለመደው መፍትሔ አዲሱ ኖታ ከመነሣቱ ሁለት የማያ ገጽ እድሳት በፊት ጌትን ዘግቶ 54277ን እና 54278ን ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ኤንቨሎፕ ሰጥቶ ጌትን መክፈት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጊዜ አጠባበቅ ከቤዚክ አቅም በላይ ነው። በማሽን ቋንቋ የተጻፈ፣ በየእድሳቱ አንድ ጊዜ የሚጠራ አጫዋች ያስፈልጋል፤ ሥራው ግን እስካሁን በእጅ ያደረጉት ያው ነው፤ በየ20 ሚሊሰከንዱ እነዚያኑ 25 አድራሻዎች መጻፍ። የሠሩትን ዜማ በሲድ ፋይል ሲያስቀምጡ ፋይሉ የቺፑን ሞዴልና የፓል ወይም የኤንቲኤስሲ ምርጫውን የሚይዝበት ቦታ አለው፤ ሁለቱንም ይሙሉ፣ ያለ እነሱ የሰሚው ማሽን በተሳሳተ ፊልተርና በተሳሳተ የኖታ ከፍታ ሊያጫውተው ይችላል።